የጨፌ በር ደጋግ ሟቾች

በጨፌ በር ከተማ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። እንዲህ የሚለው የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ነው። ፎቅ ላይ፣ በግራና በቀኝ በተደረደሩት ጠባብ ጓዳዎች ውስጥ፣ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የሞቱ የከተማዋ ሰዎች እያንዳንዳቸው በገዛ ድምፃቸው ይናገራሉ። ሁሉም ደጋግ ናቸው። ሁሉም ታጋሽ፣ ሁሉም እንግዳ ተቀባይ፣ ሁሉም ለድሃ አዛኝ። ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ የሚያውቅ አንድም የለም።

ይህ እንዴት እንደሆነ የማያውቅ የጨፌ በር ሰው የለም፤ ግን ማንም አያነሳውም። ቤተ መጻሕፍቱ የከተማዋን ታሪክ በባለቤቶቹ አንደበት እንዲያቆይ ሲወሰን፣ የሟቾቹ ድምፅ ከየስልካቸው ተለቀመ። ቤተሰብ ግን «የቤታችን ወሬ አደባባይ አይውጣ» ስላለ የተወሰደው ቃናቸው ብቻ ነበር። ለድምፁ የሚናገረው ነገር ሲፈለግለት ደግሞ በእያንዳንዱ ሟች ስም ተጽፎ የተገኘው አንድ ነገር ነው፤ ቀብር ላይ እድሩ የሚያነበው የሕይወት ታሪክ። እሱኑ አጎረሱት። መቼም ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ምን እንደሚል የታወቀ ነው።

ሰው መጥቶ ስለሚያውቀው ሟች እንዲመሰክርም ተፈቅዷል። እዚህ ላይ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። አንድ ጊዜ አንድ መስካሪ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ» ብሎ ጀምሮ የተናገረው ነገር ሁለት ቤተሰብ ገበያ መሃል በዱላ አገናኘ። ከዚያ ወዲህ ምክር ቤቱ ለመዝጋቢው መሣሪያ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጠው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለውን ቃል እንደሰማ አረንጓዴ መብራቱን አጥፍቶ ጆሮውን ይዘጋል። በጨፌ በር ደግሞ ይህን ቃል ሳያስቀድም ሟችን በክፉ የሚያነሳ ሰው ገና አልተወለደም።

ስለዚህ ከተማዋ ከደጋግ ሟቾቿ ጋር ትኖራለች። ሙሽሮች ቅዳሜ ጠዋት በሚዜ ታጅበው መጥተው አያቶቻቸውን ያስመርቃሉ። የትምህርት ቤት ልጆች በየሐሙሱ ተሰልፈው መጥተው የቤት ሥራቸውን ይጠይቃሉ። አሮጊቶች ከገበያ መልስ ዘንቢላቸውን በር ላይ አስቀምጠው ከባሎቻቸው ጋር ጥቂት ያወራሉ፤ ሲወጡ አንዳንዶቹ «በሕይወት እያለ እንዲህ ቢያናግረኝ ምን ነበረበት» ይላሉ። ወሰን የሚካሰሱ ሰዎችም ሟቾቻቸውን ለምስክርነት ይቆጥሩ ነበር፤ ያ ግን አልሠራም። የአንደኛው አያት «መሬቱ የጎረቤቴ ነው፣ ይውሰደው» ይላሉ፤ የሌላኛው አያት ደግሞ «ኧረ የእሱ ነው» ይላሉ፤ ዳኛው ለማን ይፍረድ?

የውሃ ጣቢያ ሠራተኛዋ ረድኤት ኢዮስያስም ይህን ሁሉ እንደማንኛውም ሰው ተቀብላ ትኖር ነበር። ነገሩ የቆረቆራት ጸጉር አስተካካዩ አባቷ ኢዮስያስ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የሰባት ዓመት ልጇ ሚልካ ከቤተ መጻሕፍት ጉብኝት ተመልሳ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወረወረች።

«አያቴን አናገርኩት» አለች።

«ምን አለሽ?»

«ጥሩ ልጅ ሁኚ አለኝ። ሰው አክብሪ አለኝ። የሁሉም አያት እንደዚያ ነው የሚለው።» ጫማዋን እየፈታች ትንሽ አሰበች። «እማዬ፣ አያቴ አሰልቺ ሰው ነበር እንዴ?»

ረድኤት ሳቋ መጣ። ኢዮስያስን አሰልቺ ያለ ሰው እስከዛሬ አልሰማችም። የጨፌ በር ወንድ ወደ እሱ ሱቅ የሚሄደው ጸጉሩን ለመስተካከል ብቻ አልነበረም፤ ለመሰደብም ጭምር ነው። ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ የሚገባውን ይሰጥ ነበር፤ ለከንቲባ የከንቲባ፣ ለአስተማሪ የአስተማሪ። አንዱን «እግዜር ጸጉር ያበዛልህ የራስህን ባዶነት ሊሸፍንልህ ነው» ብሎት፣ ሰውየው ያንን ስድብ እንደ ሽልማት ለልጆቹ ሲናገር ኖሯል። እሷን ራሷን «አንቺ ሽፍታ» ነበር የሚላት። ዲፕሎማዋን ይዛ የመጣች ቀን አገላብጦ አየና «ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ልጅቷን እናያለን» አለ። ከዚያ ሱቁን ዘግቶ ጓሮ ገባና አለቀሰ። እሱ ሲሞት ሚልካ ገና አምስት ዓመቷ ነበር፤ የምታስታውሰው የመላጫ ሳሙናውን ሽታ ብቻ ነው።

እድሩ ግን ቀብሩ ላይ «አቶ ኢዮስያስ ዝምተኛ፣ ቁጥብና ሰው አክባሪ ነበሩ» ብሎ አነበበ። ከኋላ የቆሙት ሰዎች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ረድኤት ያኔ የሚያለቅሱ መስሏት ነበር።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዳ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። የአባቷ ጓዳ በቀኝ በኩል መጨረሻው ነው። ገብታ ተቀመጠች።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ» አለ አባቷ። ድምፁ ራሱ ነው፤ ያው ሲያበቃ ትንሽ የሚሻክረው። «ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው አባዬ። ጸጉሬን ሌላ ሰው ጋ ሄጄ ተቆረጥኩ።»

«በጣም ያምርብሻል፣ ልጄ። ሰውየውንም አመስግኚልኝ።»

በሕይወት ቢኖር ይህን ሲሰማ ወር ሙሉ አያናግራትም ነበር። ረድኤት ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለችም። ኮሪደሩ ላይ የድምፅ ክፍሉን የምትጠብቀው ያኔት ብርቱካን እየላጠች ነበር፤ የረድኤትን ፊት አየችና ግማሹን ሰጠቻት።

«አባቴ አይደለም» አለች ረድኤት።

«አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ እሱ ነበር የሚቆርጠኝ፤ ጆሮዬን ይዞ ‹ይቺ ጆሮ ናት ወይስ የበር እጀታ?› ይለኝ ነበር።» ያኔት ወደ ጓዳዎቹ እያየች ድምፅዋን ቀነሰች። «ሦስት ሺህ ሟች አለኝ፣ አንድ ጠበኛ የለኝም። ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ፍርድ ቤቱን ማን ሞላው? ስለ ትልቁ ጎርፍ ጠይቂያቸው፤ ‹ሁላችንም ተባብረን አለፍነው› ይሉሻል። ማን ምን እንዳደረገ የሚነግረኝ የለም። ታሪክ ጠባቂ ነሽ ይሉኛል፤ እኔ የምጠብቀው ምርቃት ነው።»

«ማስተካከል አይቻልም?»

«ማክሰኞ ሙት ዓመቱ ነው። በሁለተኛው ሙት ዓመት ድምፁ ይታሸጋል፤ ከዚያ ወዲህ ማነጋገር እንጂ መጨመር የለም። እስከዚያ የሚያውቀው ሰው መጥቶ ይናገርለት። ያቺን ቃል ግን እንዳይል።»

«እኔስ?»

«ቤተሰብ አይመሰክርም፤ ደንቡ ነው።»

ረድኤት በሦስት ቀን ውስጥ የአባቷን ደንበኞች አንድ በአንድ ለምና አመጣች። ሁሉም ደረጃውን ሲወጡ ስለ ኢዮስያስ እየተሳሳቁ ነበር። ጓዳው ውስጥ ሲቀመጡ ግን ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ኮታቸውን ያስተካክላሉ፣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ» ይላሉ፣ መብራቱ ይጠፋል። ጨዋ አስተዳደግ መጥፎ ነገር አይደለም፤ እዚህ ግን አንድን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ እየቀበረ ነበር።

የቀራት አንድ ሰው ነው፤ እሱንም ሆን ብላ ነበር ለመጨረሻ ያቆየችው። ልብስ ሰፊው ጋሽ ናሆሰናይ ከአባቷ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ፣ አርባ ዓመት ሙሉ እንደ አይጥና ድመት የኖሩ ጎረቤት ናቸው። በፍሳሽ ተጣልተዋል፣ በአቮካዶው ቅርንጫፍ ተጣልተዋል፣ ከሁሉም በላይ በግድግዳው ተጣልተዋል። ኢዮስያስ ሲሞት ጋሽ ናሆሰናይ ሱቃቸውን ሳምንት ዘጉ፤ ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው አጠገብ ወጥተው ትንሽ ይቆሙና ይመለሳሉ። ረድኤት በመስኮት ታያቸዋለች።

ሰኞ ከሰዓት ስትሄድ በረንዳቸው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ይተክሉ ነበር።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢ፣ ተቀመጪ።»

ነገረቻቸው። ከሚልካ ጀምራ እስከ ብርቱካኑ ድረስ ነገረቻቸው። ጋሽ ናሆሰናይ መርፌያቸውን ሳያቆሙ አዳመጡና «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» አሉ።

«እኮ ጋሼ፣ እሷን ነው የማልፈልጋት።»

«ስሚኝ ልጄ። እኔ ከአባትሽ ጋር የተጣላሁት እሱ ቆሞ ሳለ ነው። የሚመልስልኝን ሰው ነው የሰደብኩት። አሁን ተኝቶ ልምታው? ነገ በዚህ ሰፈር ሳልፍ ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«ጎረቤትዎማ እሱ ነበር» አለች ረድኤት።

ጋሽ ናሆሰናይ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ሸሚዙን አጣጥፈው አስቀመጡት፤ ያልተጨማደደውን እጅጌ ደግሞ ደጋግመው በእጃቸው ዳበሱት። ግድግዳው ላይ የአቮካዶው ጥላ ወርዶ ነበር።

«የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሳቸው የሰፉትን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። የልብስ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ተረስቷል። ጓዳው ውስጥ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። መብራቱ በራ።

«አቶ ኢዮስያስ» ብለው ጀመሩ፣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ...»

ጠፋ። ያኔት መልሳ አበራችው።

«እሺ። ኢዮስያስ የሚባለው ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጎረቤትነታችን ዘመን...» ረድኤት ወደ መብራቱ አየች። «በጎረቤትነታችን ዘመን፣ እንደው ሙት ወቃሽ አያድርገኝና...»

ጠፋ። ደግመው ሞከሩ፤ ደግሞ ጠፋ። ጋሽ ናሆሰናይ በመሐረባቸው ግንባራቸውን ጠረጉ። «አፌ ነው» አሉ፣ «እኔ አይደለሁም። እናቴ ናት እዚህ አፌ ውስጥ ያስቀመጠቻት።» ታች የአንባቢዎቹን ወንበር መሰብሰብ ተጀምሯል። ረድኤት ግድግዳውን ተደግፋ ተስፋ ቆርጣ ቆመች፤ አባቷ በዚህ ከሰዓት በኋላ ለዘላለም ጨዋ ሆኖ ሊቀር ነው።

«እሱን ራሱን ማናገር ይቻላል?» አሉ ጋሽ ናሆሰናይ።

«ይቻላል ጋሼ» አለች ያኔት። ወዲያው ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ወደ መዝጋቢው መብራት አየች፣ አበራችውና ወደ ኋላ ቆመች።

«ኢዮስያስ» አሉ ጋሽ ናሆሰናይ። «እኔ ነኝ።»

«ወንድሜ አቶ ናሆሰናይ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ የኢዮስያስ ድምፅ። «እርስዎን የመሰለ ጎረቤት ስለሰጠኝ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። በመካከላችን አንድም ቀን ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።»

ጋሽ ናሆሰናይ ወደ ረድኤት ዞሩ። «እርስዎ ይለኛል?» አሉ። ከዚያ ወደ ድምፁ ተመለሱ፣ አንገታቸው ላይ ያለው ደም ሥር ተገተረ። «ምን አልክ አንተ? ክፉ ቃል አንነጋገርም ነበር? ዓይንህን በጨው አጥበህ! ግማሽ ራሴን ላጭተህ፣ ስለ ፍሳሹ ስንከራከር መላጫውን አስቀምጠህ ‹ይቅርታ ካልጠየቅህ ግማሹ እዚያው ይቆያል› ያልከኝ ማን ነው? ሳምንት ሙሉ በግማሽ ጸጉር ሱቅ አልዋልኩም? ሌላ ጸጉር አስተካካይ ጋ መሄድ አልችልም ነበር?» ቆም አሉ። «እችል ነበር። ለምን አልሄድኩም? አንተ ነህ የጀመርከው፣ አንተ ጨርሰው ብዬ ነዋ!»

መብራቱ አረንጓዴ ነበር። ረድኤት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አቮካዶውንስ? በኔ በኩል የተንጠለጠለውን ማታ ማታ በዘንግ እየሳብክ ለቅመህ፣ ጠዋት ‹የኔ ዛፍ የሚያፈራው ለኔ ብቻ ነው፣ ዘሩ ጨዋ ነው› አልከኝ። ሁላችንም ተባብረን አለፍነው ትላላችሁ አሉ፣ ያንን ጎርፍ። ማን ተባበረ? ውሃው በሩን ዘግቶብን፣ ሚስቴ ሰሎሜ ከነእርግዝናዋ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ስትጮህ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጉብታው ላይ ወጥቶ ያይ ነበር። አንተ ነህ በመዶሻ የመጣኸው። ድንጋይ በድንጋይ ቆጥረህ የገነባኸውን፣ ሰው እንዳይነካው ጠርሙስ የተከልክበትን ግድግዳ አንተ ነህ ያፈረስከው። እጅህ ሁሉ በጠርሙሱ ደም ሆኖ፣ ሚስቴን አዝለህ አወጣሃት። ላመስግንህ ብዬ በማግስቱ ብመጣ ምን አልከኝ? ‹ዝም በል፣ ሚስትህ ከባድ ናት› አልከኝ!»

ረድኤት ያንን ግድግዳ ጎርፉ እንዳፈረሰው ነበር የምታውቀው። የአባቷ መዳፍ ላይ የነበረውን ጠባሳ ልጅ ሆና ስትጠይቀው «መላጫ ነው» ነበር የሚላት። ይህን ሁሉ ዓመት በከተማው ያለ ሰው ሁሉ ስለ መዶሻው ሳይናገር የኖረው፣ መዶሻውን ለማንሳት ግድግዳውን፣ ግድግዳውን ለማንሳት ጠቡን ማንሳት ግድ ስለሚሆን ነው። ክፉውን ሲጠርጉ ደጉንም አብረው ጠርገውት ኖሯል።

«እና ምን አደረግህ ከዚያ?» ጋሽ ናሆሰናይ ድምፃቸው ተሰበረ፣ ግን አላቆሙም። «ውሃው ሲሸሽ ግድግዳውን መልሰህ ስትገነባ አንድ ክንድ ሙሉ ወደ እኔ ገፋኸው! አንድ ክንድ! ሚስቴን ያወጣ ሰው ነው ብዬ ፍርድ ቤት እንዳልሄድ አድርገህ፣ አውቀህ! ስንት ዓመት በዚያች ክንድ ተቃጠልኩ። አሁን ደግሞ ሞተህ... ጠዋት ወጥቼ የምሰድበው ሰው አሳጣኸኝ።»

ጋሽ ናሆሰናይ ባርኔጣቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ መጣ።

«ወይኔ» አሉ፣ «ሙት ወቃሹን ሳልል ነው የተናገርኩት።»

ቃሉን ሲሰማ መብራቱ ጠፋ። ግን ሌላው ሁሉ ገብቶ ነበር። «እግዜር ይስጥልን ጋሼ» አለች ያኔት፣ «አበቃን።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ማሸጊያውን ተጫነች።

ሟቾቹ ሁልጊዜ ወዲያው ነው የሚመልሱት። ኢዮስያስ ግን ዝም ብሎ ቆየ፤ ረድኤት የተበላሸ መሰላት።

«ክንድ አይደለም» አለ ድምፁ። «ስንዝር ነው። አንተ ልብስ ሰፊ ነህ ወይስ ምንድን ነህ? ስንዝርና ክንድ አትለይም? ለዚህ ነው የሰፋኸው ሱሪ ሁሉ የሚያጥረው።»

ረድኤት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ራሷም አላወቀችውም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ጋሽ ናሆሰናይ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ።

«ክንድ ነው!»

«ስንዝር።»

«ክንድ ነው አልኩህ!»

ያኔት ታች ወርዳ መዝጊያ ሰዓቱ ዛሬ ትንሽ እንደሚዘገይ ለጥበቃው ነገረችው። ስትመለስ ረድኤት ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት።

«ስንዝር መሆኑን ማን ነገረው?» አለች ረድኤት።

«ማንም አልነገረውም። ግን አባትሽ በሕይወት ቢኖር ምን ይል ነበር?»

«ስንዝር ነው ይል ነበር።»

«እንግዲያውስ» አለች ያኔት።

በማግስቱ ረድኤት ሚልካን ከትምህርት በፊት ቤተ መጻሕፍት ልትወስዳት ተነሳች። ጸጉሯን ሆን ብላ አላበጠረችላትም፤ አያቷ የሚላትን እንዲያጣ አልፈለገችም። ከበር ሲወጡ ጋሽ ናሆሰናይን በእነሱ በኩል ግድግዳው ሥር ተንበርክከው አዩአቸው። በመኮትኮቻ አፈሩን ጭረው የድሮውን ግድግዳ የመሠረት ድንጋይ አውጥተዋል፤ ከእሱ እስከ አዲሱ ግድግዳ ድረስ ሜትራቸውን ዘርግተዋል። አንዴ ለኩ። ሜትሩን ገልብጠው ደግመው ለኩ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ክፍተቱን በአውራ ጣታቸውና በትንሿ ጣታቸው መሃል አስገቡት።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?» አለች ረድኤት።

ጋሽ ናሆሰናይ ቀና አላሉም። አፈሩን ቶሎ ቶሎ መልሰው በእግራቸው ደመደሙት፣ ጉልበታቸውን አራገፉ፣ ሜትሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ሚልካን አዩ፣ ያልተበጠረውን ጸጉሯን አዩ፣ የት እንደሚሄዱም ገባቸው።

«ስንዝር ናት» አሉ ቀስ ብለው። «እንዳትነግሪው።»